የትኛውን ምግብ እንደቀነስኩ ለጠየቁኝ ሐኪም

ሐምሌ 1983 ዓ.ም.
አምቦ

ለተከበሩ ዶክተር ደግፌ፣
የጤና ጣቢያችን ኃላፊና የሚዛናችን ጠባቂ

ግልባጭ፦ ለሚመለከተው ሁሉ፤ አይመለከተኝም ለሚለውም ጭምር

ጉዳዩ፦ በመጪው ሐሙስ በአዳራሹ እንድናገር ስለ ተደረገልኝ ግብዣ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ለወትሮው የሌላውን ጤና የሚጠይቁት እርስዎ ስለሆኑ፣ የእርስዎን የሚጠይቅ ሰው እንዳይጠፋ በማለት ነው። እንቅልፍዎ የሰላም፣ ምግብዎ የሚስማማ፣ ጉልበትዎ ደረጃ የሚያስወጣ፣ ደም ግፊትዎም እንደ አነጋገርዎ የተረጋጋ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እስከ ግንቦት ድረስ «ጓድ ዶክተር» እያልን ስንጠራዎት ኖረናል፤ ያ «ጓድ» የሚለው ቃል ያለ ምንም የምግብ ቁጥጥር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከስምዎ ላይ ሲቀንስ በማየቴም እንኳን ደስ ያለዎት እላለሁ።

እኔ አስካለች ጂራ እባላለሁ፤ አራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። በስሜ ባያስታውሱኝ በኪሎዬ ያስታውሱኛል። ባለፈው ሳምንት መልእክተኛዎ ደጃፌ ድረስ መጥቶ፣ ውፍረት ለመቀነስ የትኞቹን ምግቦች መገደብ እንደሚገባ ለሕዝብ ትምህርት እንደሚሰጡ፣ እኔም እንደ አምናው መድረክ ላይ ቆሜ በራሴ የደረሰውን እንድመሰክር መፈለግዎን ነገረኝ። ለዚህ ክብር በቃል እምቢ ማለት ነውር ሆነብኝ፤ እሺ ማለት ደግሞ ከአቅሜ በላይ ሆነ። ስለዚህ ምስክርነቴን በጽሑፍ አድርጌ በአዳራሹ በር ላይ እንዲለጠፍ ወስኛለሁ። አምና ቢሆን ኖሮ ሙጫው ሳይደርቅ ወረቀቱም እኔም ከዚያ በተነሳን ነበር፤ ዘንድሮ ግን ማን እንደሚያነሳን ገና ያልተወሰነ ስለሆነ፣ በዚህች ክፍተት ልጠቀም።

አንደኛ፣ ስለ አቀባበልዎ። ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበቴን አሞኝ የትምህርት ቤቱን ደረጃ መውጣት አቅቶኝ፣ ራሴንም እያዞረኝ ወደ እርስዎ የመጣሁ ዕለት፣ ከሚዛኑ ላይ ሳልወርድ «ሴትዮ፣ ጉልበትሽን አትክሰሺው፤ ከሳሹ እሱ መሆን ነበረበት» ብለውኝ ነበር። ነርሷ ሳቀች፤ በበሩ ክፍተት የሚያዩት ባለ ተራዎች ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ወፍራም ሰው ከሁሉ ቀድሞ መሳቅን ከልጅነቱ ይለምዳል። ቀጥሎ ደም ግፊቴን ሲለኩ ሳቅዎን ገታ አደረጉና፣ እንዲህ ከቀጠልኩ ልቤ እንደማይችለኝ ረጋ ብለው አስረዱኝ፤ ይህን ስላደረጉልኝ ያለ ምንም ተረብ አመሰግንዎታለሁ። ምክርዎም የጨከነ አልነበረም። «ሁሉንም በአንድ ቀን ልተው ብትዪ አትችዪም። ስኳር አለ፣ ቅቤ አለ፣ ጮማ አለ፣ የፉርኖ ዳቦ አለ። የትኛውን እንደምትገድቢ ራስሽ ምረጪ» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ዘመን በዚህች ከተማ «ራስሽ ምረጪ» ያለኝ ኃላፊ እርስዎ ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህ ምርጫውን እንደ ትልቅ መብት ታቅፌ እያነከስኩ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ስወጣም ከኋላዬ «ደግሞ ጾሙን ጠበቅ አድርጊ፤ ረቡዕና ዓርብ ለምን ተፈጠሩ?» ብለውኝ ነበር። እኛ ጴንጤዎች የረቡዕና የዓርብ ጾም እንደሌለን በችኮላ ዘንግተውት ይሆናል። የምንጾመው ተሰብስበን ስንጸልይ ነበር፤ የምንሰበሰብበትን ጸሎት ቤት ቀበሌው ወስዶ ይኸው እርስዎ የሚያስተምሩበትን አዳራሽ አደረገው፤ ስለዚህ በጾም በኩል የቀነስኩት ነገር ቢኖር ጾሙን ራሱን ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርጫው። መጀመሪያ ስኳርን መረጥኩ፤ የቀበሌው ሱቅ ከእኔ በፊት ስለ መረጠልኝ ቀላል መሰለኝ። ነገር ግን ሰው ቤት በሄድኩ ቁጥር፣ ባለቤቲቱ በስንት ሰልፍ ያገኘቻትን ስኳር ለአስተማሪ ክብር ብላ ሻዬ ውስጥ ትገለብጠዋለች፤ አልፈልግም ማለት ሰልፏን መናቅ ሆነብኝና እየጠጣሁ አመሰገንኩ። ስኳርን ትቼ ቅቤን መረጥኩ። በዚያው ሰሞን የወንድሜ ሚስት ሲንቄ ከሐሮ ወንጪ ያን ሁሉ ዳገት ወጥታ ወርዳ ጭኮ ይዛልኝ መጣች። እንደሚያውቁት ጭኮ የተቆላ ገብስ ዱቄት ቅቤ እስኪጠግብ ድረስ የሚታሽበት ምግብ ነው፤ ቅቤው ቢቀነስ የሚተርፈው አቧራ ነው። ሐኪም እንደ ከለከለኝ ብነግራት ትኩር ብላ አየችኝና «ሐኪሙ እናት የለውም እንዴ?» አለች። ስለዚህ በላሁ፤ በማግስቱም እንዳይበላሽ ብዬ ከተረፈው ላይ በላሁ።

ጎረቤቶቼ ደግሞ ከምግብ በፊት አምቦ ውሃ ከተጠጣ ሆድ በአየር ስለሚሞላ እህል ቦታ አያገኝም አሉኝ። ጠጥቼ ክፍል ገባሁ፤ «ዛሬ ስለ ግስ እንማራለን» ከማለቴ ግሳቱ ቀደመኝ፤ ልጆቹም ምሳሌ የሰጠኋቸው መስሏቸው ደብተራቸውን ገለጡ። በሌላ በኩል በቀበሌ ስብሰባ ላይ አንድ ጓድ ተነስቶ፣ ወገን በተራበበት ዘመን አንዳንድ ሰዎች ከየት አምጥተው እንደሚወፍሩ እንደማይገባው ሲናገር፣ አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ያን ቀን የምቀንሰውን ምግብ ሳይሆን የምቀመጥበትን ወንበር መቀነስ በቻልኩ ብዬ ተመኘሁ።

ይህን ሁሉ እየታዘበ የሚስቅብኝ ልጄ ዱጋሳ ነበር። አንድ ልጄ ነው፤ አባቱ ያረፈው እሱ ገና ዳዴ ሲል ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ የፈተና ውጤቱን እየጠበቀ ነበር። አንድ ማታ ራት ላይ በኦሮምኛ ሀርሜ ብሎ፣ እናቴ ማለቱ ነው፣ እንዲህ አለኝ። «ሀርሜ፣ አንቺ መምረጥ አታውቂም። ቅቤና ጭኮ ከሰው የሚመጣ ነው፤ ከሰው የመጣ እምቢ አይባልም። ሄደሽ ራስሽ የምትገዢውን ነው መቀነስ ያለብሽ። እስኪ ጠዋት ምን በላሽ?» ዳቦ አልኩት። «በእረፍት ሰዓትስ?» ዳቦ። «አሁን በእጅሽ የያዝሽውስ?» ብሎ በሳቅ ወደቀ። እውነቱን ነበር። እርስዎ የፉርኖ ዳቦን ትተሽ የገብስና የአጃ ቂጣ ብትበዪ ይሻላል ያሉኝን ነግሬው ስለነበር፣ እሱ ከእኔ በተሻለ አስታውሶት፣ ጊንጪ ገበያ ጥሩ ገብስ ስላለ እኔ ሄጄ አመጣልሻለሁ አለኝ። ስለዚህ ክቡር ዶክተር፣ ከብዙ ማመንታት በኋላ የምገድበውን ምግብ መረጥን፤ የፉርኖ ዳቦን።

ሦስተኛውን ከመጻፌ በፊት ቅሬታዬ በእርስዎ ላይ እንዳልሆነ ማስረዳት ይኖርብኛል። ገብስ ይጠቅማል ማለትዎ ትክክል ነው። ጊንጪ ጥሩ ገብስ መኖሩም ትክክል ነው። ልጄም ገበያው ጭቃ ነው ብሎ አሮጌ ጫማውን አድርጎ፣ ባዶ ጆንያ በብብቱ ይዞ፣ «ምሳ አትጠብቂኝ» ብሎኝ በጠዋቱ አውቶቡስ መሄዱ ትክክል ነው። ትክክል ያልሆነውን ነገር የነገረን ከሰዓት በኋላ ከጊንጪ የተመለሰው አውቶቡስ ረዳት ነው፤ ገበያው ከየአቅጣጫው ተከቦ ወጣት የተባለ ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና እየታፈሰ መኪና ላይ ተጭኗል አለን። እህል የሸጠውም የገዛውም፣ መንገድ የሚያልፈውም አልቀረም አለን። አንዲት ሴት ልጇ ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ መሆኑን ብትነግራቸው «ቁመቱ አልፏል» ማለታቸውንም ጨመረልን።

የትምህርት ቤቱን ደረጃ መውጣት ያቃተው ጉልበቴ ያን ቀን ምን ያህል እንደሮጠ እኔም አላውቅም። ልጆቹን ወደ ከተማችን አምጥተው በአንድ ግቢ አጉረዋቸው ነበር። ሲንቄ ካመጣችው የተረፈውን ጭኮ ለስንቅ ቋጥሬ በሩ ላይ ቆምኩ። ዘበኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጅ እግር ነው፤ ፊቴን ላለማየት መሬት መሬት እያየ «እናት፣ ይሂዱ። ልጅዎ ከእንግዲህ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ያበላዋል» አለኝ። ጭኮውን ብቻ አድርስልኝ ብዬ ለመንኩት። «የቱ ጋ ብዬ ልፈልገው?» አለኝ። በነጋታው ሸራ የለበሱ መኪናዎች በሩ ተከፍቶላቸው ሲወጡ፣ ከሌሎቹ እናቶች ጋር ዳር ቆሜ «ዱጋሳ!» ብዬ ጮህኩ። ከየሸራው ሥር ብዙ ድምፅ «ሀርሜ!» እያለ መለሰልኝ፤ የእኔ የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። እናት የልጇን ድምፅ ከሺህ ትለያለች የሚሉ ሰዎች ያን ቀን እዚያ አልነበሩም።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ከዚህ በኋላ የሆነውን ግን ቁጥር አልያዘልኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የትኛውን ምግብ እንደምትገድብ መምረጥ ያቃታት ያቺ ሴት ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ምርጫ አላደረገችም። ምግቡ ነው እኔን የተወኝ። እጄ ስለለመደ ለሁለት ሰው እሠራለሁ፤ ለሁለት እቆርሳለሁ፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ አፌ ሳቀርብ «አሁን ምን በልቶ ይሆን?» የሚል ነገር ይመጣና ጉርሻውን መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ሬዲዮኑ የጦር ግንባር ስም ሲጠራ፣ ካርታ በተሰቀለበት ክፍል የማስተምር ሴት፣ ያ ቦታ የት እንዳለ ይጠፋብኛል። ስለ እሱ ጠይቄ ያልሄድኩበት ቢሮ የለም፤ ሁሉም በትሕትና ተቀበሉኝ፤ ማንም አያውቅም። ከደጃፌ ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ናፊሳ፣ በየማታው ሱቋን ዘግታ በሳህን ክዳን የሸፈነችውን ነገር ይዛ ትገባ ነበር። «የእኔን ሥጋ አትበዪም፤ አውቃለሁ። አጥሚት ግን ሃይማኖት የለውም፤ ጠጪው» ትለኛለች። ሁለት ጊዜ ተጎንጭቼ ሳስቀምጠው «ለእኔ ስትዪ አንዴ» ትለኛለች፤ ለእሷ ስል አንዴ እጨምራለሁ። እሷ ባትኖር ኖሮ እርስዎ የሚያሳዩት ምሳሌ ባላገኙ ነበርና፣ ከምስጋናዬ ድርሻዋን ያካፍሏት።

ቀሚሶቼን ልብስ ሰፊው አንዴ ካጠበባቸው በኋላ ከእንግዲህ የሚጠብበት ቦታ የለም ብሎ መለሰልኝ። እንደዚያ ሆኜ አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ሥር ወደቅኩና አስተማሪዎቹ ደግፈው እርስዎ ዘንድ አመጡኝ። መቼም ያን ቀን አይረሱትም። ሚዛኑ ላይ ወጣሁ፤ መነጽርዎን አስተካክለው አዩ፤ የድሮ ካርዴን አዩ፤ እንደገና ሚዛኑን አዩ። ከዚያም ብድግ ብለው እጄን ጨበጡኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ «አንቺ» ሲሉኝ ኖረው ያን ቀን «እርስዎ» አሉኝ። ክቡር ዶክተር፣ በሀገራችን ሴት እንዲህ ያለውን አክብሮት ለማግኘት ስንት ኪሎ መክፈል እንዳለባት የተማርኩት ያኔ ነው።

«ደም ግፊትዎ ወርዷል! ይህ እኮ ተአምር ነው! ቆይ፣ የትኛውን ምግብ ነው የቀነሱት?» አሉኝ።

ልነግርዎት ፈለግሁ። አምላኬ ምስክሬ ነው፣ ፈለግሁ። ነገር ግን ነርሷ ነበረች፤ ከበሩ ውጭ ሰው ነበረ፤ በዚያን ጊዜ ልጄን ወሰዱብኝ ብሎ ማልቀስ በአብዮቱ ላይ እንደ ማልቀስ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ ዙሪያውን ሄጄ ይገባዎት ይሆናል ብዬ «ለሁለት ሰው ይቀርብ የነበረውን ማዕድ ነው የቀነስኩት» አልኩዎት።

እርስዎም ጠረጴዛውን መታ አድርገው «ጎበዝ! እኔ የምለው ይህንኑ እኮ ነው፤ ዋናው መጠኑን መቀነስ ነው!» አሉ። በሩን ከፍተው በተራ ለተቀመጡት ሁሉ አሳዩኝ። ለምን እንደወደቅኩ መጠየቁን በደስታ ብዛት ረሱት። እኔም አላስታወስኩዎትም፤ ሰው እንዲህ ደስ ብሎት አይቼ ስለማላውቅ ነው።

ስለ አዳራሹ ብዙ አልጽፍም፤ እርስዎም ነበሩ። የከተማው ሴቶች ሁሉ ተጠርተው ተቀምጠዋል፤ ከፊት ያሉት ወንበሮች ላይ የልጆቻችንን ስም የሚያውቁት ጓዶች ተቀምጠዋል። እርስዎ ስለ ስኳር ተናገሩ፣ ስለ ቅቤ ተናገሩ፣ ስለ ፈቃድ ጽናት ተናገሩና እኔን አስነሱኝ። ከኋላ አንዲት ሴት እጇን አውጥታ «አስተማሪ፣ ጠዋት ጠዋት ምን ይበላሉ?» አለችኝ። «ምንም» አልኩ። «ማታስ?» አለች። «እንጃ» አልኩ። ሰዎች ትሕትና መሰላቸውና አጨበጨቡ። ናፊሳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ደጅ ስትወጣ ታየችኝ፤ እግሬ ተከትሏት ሊሄድ ፈለገ፤ ግን ጭብጨባው ስላላለቀ ቆሜ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ በከተማው ዝነኛ ሆንኩ። አንዲት የባለሥልጣን ሚስት መንገድ ላይ መኪናዋን አስቁማ «እባክዎ ሚስጥሩን ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ፤ እኔ ሁሉንም ሞክሬ አልቀነስ ብዬ ተቸግሬአለሁ» አለችኝ። ልጇ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር መላኩን አውቅ ስለ ነበር «እመቤቴ፣ ለእርስዎ አይሆንም» ብያት አለፍኩ። ቅናት መስሏት አኩርፋኛለች።

አሁን ደግሞ ያልሰሙትን ልንገርዎ፤ ሐሙስ ዕለት መናገር የነበረብኝ ይህን ነበርና።

ግንቦት ላይ ሠራዊቱ ሲበተን፣ ወታደሮቹ በከተማችን መንገድ በእግራቸው ሲያልፉ እርስዎም አይተዋል። ግማሹ ባዶ እግሩን ነው፤ ግማሹ ሸራ ለብሷል፤ ውሃ ሲሰጡት እየሄደ ይጠጣል። የከተማው ሴቶች ዳቦና ቆሎ ይዘን መንገድ ዳር እንቆም ነበር፤ ዳቦውን እየሰጠን ፊት ፊታቸውን እናያለን። ስንት ልጅ «እማማ፣ ምን ያዩኛል?» ብሎኛል። የሚያልፈው ሰው ሲያልቅ፣ ሰኔም ሲገባ፣ ወደ መንገዱ መውጣቴን ትቼ ደጃፌ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ፣ አንድ ሰው በዱላ እየተደገፈ መጥቶ ከአጥሬ ማዶ ቆመ። ጢሙ ያደገ፣ ዓይኑ የገባ፣ ትከሻው ላይ ብርድ ልብስ ጣል ያደረገ ነው። ከእነዚያው አንዱ ነው ብዬ ውሃ ላመጣለት ስነሳ፣ ሰላምታ ሰጠኝና «ማዘር፣ ይህን ቤት ለእርስዎ የሰጠዎት ቀበሌው ነው?» አለኝ። ጥያቄው አልገባኝም። «ከዚህ በፊት እዚህ ቤት አንዲት አስተማሪ ነበረች፤ ወፍራም ሴት ናት። የት እንደሄደች ያውቃሉ? ሞታ እንደሆነም ሳይደብቁ ይንገሩኝ» አለኝ።

ፊቱን አላወቅኩትም፤ ድምፁን ግን አወቅኩት። ክቡር ዶክተር፣ ጠጋ ብዬ «እኔ ነኝ» አልኩት። አላመነኝም፤ ከኋላዬ ሌላ ሰው ቆሞ እንደሆነ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ወደ ቤቱ ውስጥ አየ። «ዱጋሳ» አልኩት። ዱላው ከእጁ ወደቀ። መጥቶ ክንዴን ያዘኝ፤ ክንዴ በጣቶቹ መካከል ሲገባ ጊዜ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ምን አደረጉሽ?» ይለኛል፤ «አንተንስ ምን አደረጉህ?» እለዋለሁ፤ ተያይዘን እዚያው ጭቃው ላይ ቆምን። በመጨረሻ ናፊሳ ከሱቋ እየሮጠች መጥታ ሁለታችንንም እየገፋች አስገባችን።

እንግዲህ እርስዎ የሠሩት ሥራ ምን ያህል የተሳካ እንደሆነ ከዚህ ይረዱ፤ የወለድኩት ልጅ እንኳ አልለየኝም። እንዲህ ያለ ውጤት ያስገኘ ሐኪም በሌላ ቦታ የሚኖር አይመስለኝም።

ልጄ ዛሬ እቤቴ ነው። እንዴት ነው ቢሉኝ አላውቅም። ቀን ቀን ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ስሠራለት ይበላል፤ ግን እኔ ካልበላሁ አይበላም፤ እኔ ደግሞ እሱ ሲበላ እያየሁ መዋጥ ያቅተኛል፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን እጅ እየጠበቀ ምግቡ ይቀዘቅዛል። ለተራበ ሰው በመጀመሪያ ምን እንደሚሰጥ፣ ቅቤ ይጎዳው እንደሆነ፣ ወተት ይችል እንደሆነ የማውቀው የለም፤ በአዳራሹ ያስተማሩን ስለ መቀነስ ብቻ ነው። ትራሱ ሥር ቁራሽ ዳቦ እየደበቀ እንደሚተኛ አልጋውን ሳነጥፍ አየሁ፤ እንዳየሁም አልነገርኩትም፤ ወደ ቦታው መለስኩት። ጉልበቴ፣ ከጠየቁኝ፣ እንደ ድሮው ያመኛል። በዚህ ሁሉ መቀነስ ውስጥ እሱ ብቻ አቋሙን አልለወጠም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሐሙስ ዕለት ከመድረክዎ በመቅረቴ እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ። ሴቶቹ የትኛውን ምግብ እንደቀነስኩ ቢጠይቁዎት ይህን ወረቀት ያሳዩአቸው፤ ማንበብ የማይችሉትንም ያንብቡላቸው። ከዚያ በኋላ ስኳርም ሆነ ቅቤ የፈለጉትን ይምረጡ፤ መምረጥ ከቻሉ የታደሉ ናቸው።

ሳይጠይቁኝ ስላከሙኝ፣ ሳይሰሙኝ ስላደነቁኝ፣ ሳላውቀውም ለከተማው ምሳሌ ስላደረጉኝ ከመሬት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ክብደቷ በእርስዎ መዝገብ ላይ ያለ፣ የቀረው የት እንደሄደ ግን ያልተመዘገበላት፣ የዘወትር ታካሚዎና አክባሪዎ፣

አስካለች ጂራ

በኋላ የታከለ፦ ይህን ደብዳቤ ሄዶ እንዲለጥፍልኝ ለልጄ ሰጠሁት። ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበውና «ሀርሜ፣ ሐኪሙን ለቀቅ አድርጊው፤ ቢያንስ ምን እንደምትበዪ ጠይቆሻል። እኛ በነበርንበት ያንንም የጠየቀን ሰው አልነበረም» አለኝ። ወረቀቱን ከእጁ ተቀብዬ ይህን ጨመርኩበት። ስለዚህ በፌዝ የጻፍኩትን ምስጋና ሁሉ እንደ እውነተኛ አድርገው ይቀበሉልኝ፤ በዚህች ሀገር ከተደረገልን ሁሉ የተሻለው ያ ጥያቄዎ ሆኖ ተገኝቷልና።